አባዬ ሲቆርጥ የሚሰማው ዜና

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «ሜትሩ» ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስሙ የወጣለት ግን አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ሜትር አይደለም፤ ያንንማ የትኛውም ልብስ ሰፊ ያንጠለጥላል። የወጣለት አንድም ቀን ልኬት ጽፎ ስለማያውቅ ነው። ደንበኛውን ፊቱ ያቆምና ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት እያለ ይለካል፤ ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ መልሶ «በቃ፣ ይሂዱ» ይላል። አዲስ ደንበኛ ከሆነ ደንገጥ ብሎ «አይጽፉትም እንዴ?» ይለዋል። አባዬ ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ተጽፏል» ይላል። ይህቺን «ተጽፏል» ለማየት ብቻ ልብስ የሚያሰፋ ሰው አለ ብል አላጋነንኩም።

ሌላም ልማድ ነበረው። ደንበኛው ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ይደውልለትና ልኬቱን ከራሱ እስከ እግሩ አንድ በአንድ ይወጣለታል። «ትከሻዎ ይህን ያህል፣ ወገብዎ ይህን ያህል፣ ግራ ክንድዎ ከቀኙ ትንሽ ይረዝማል፤ ተሳስቻለሁ?» ሰዉ አፉን ከፍቶ ነው የሚያዳምጠው። «እንደ ሜትሩ ያለ ጭንቅላት የለም፤ እንደ ሜትሩ ያለ ሰው አክባሪም የለም» ተብሎለት ነበር። እኔም እሱ ሲመሰገን አብሬ አብጥ ነበር።

እኔ የሜትሩ ልጅ ነኝ። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ አጠገቡ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። ምላሴ ስለሚወጋ «መርፌ» ይሉኛል፤ አልተቀየምኩም፣ እውነት ነው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ኢንጂነር» ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰለቹ ኮምፒውተሮችን እያባበለ ያሠራል። የኢንጂነርነት ወረቀት የለውም፤ እኛ ቤት ግን ማዕረግ የሚሰጠው አብዝቶ ለጮኸ ነው።

አባዬ ሲቆርጥ ዜና ይሰማል። ማለቴ፣ ዜና ነው ብለን ነበር። ጨርቁን ይዘረጋል፣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ሌላኛው ጆሮው ውስጥ የስልኩን ማዳመጫ ይከታል፤ ከዚያ ዝም። አንዳንዴ አንገቱን ይነቀንቃል። አንዳንዴ መቀሱን አቁሞ ወደ ኋላ መልሶ ይሰማል። ዜና ወደ ኋላ እየመለሰ ደግሞ ደጋግሞ የሚሰማ ሰው የት አገር አለ? ይህቺን ጥያቄ በጊዜው መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሌላው ሰው ላይ ስፈጥን ለራሴ ቤት ዘገየሁ።

ነገሩ የጀመረው አሮጌው ስልኩ ባትሪው አብጦ ጀርባው ሲከፈት ነው። አባዬ በገበር ቁራጭ ጠምጥሞ አስሮት ነበር። ኢንጂነር ይህን ሲያይ ጊዜ ወዳጁ ዘንድ ሄዶ ሁለት ስልክ ይዞ መጣ። ወዳጁ የስልክ ሱቅ አለው፤ «ሁለቱንም ውሰድ፣ ሽማግሌው የወደዱትን አስቀር፣ ሌላውን መልስ» ብሎታል። ሁለቱም ትልልቅ ናቸው፤ የአባዬን መዳፍ ሞልተው ይተርፋሉ። ዓይኑ ስለደከመ ትልቅነታቸው ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ ውስጣቸው ላይ ነበር።

«ስማኝ አባዬ» አለ ኢንጂነር፣ ስልኮቹን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኝቶ። «ይሄኛው ንጹህ ነው። ሶፍትዌሩ እንደተሠራ ነው የመጣው፤ ማንም አልነካካውም። ይሄኛው ግን ፋብሪካው የራሱን ጓዝ ሁሉ ጭኖበታል። እየው፣ ሁለት የፎቶ ማስቀመጫ፣ ሁለት የመልእክት መላኪያ፣ ያላዘዝከው ጌም፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ ማስታወቂያ። አሮጌው ስልክህ የዚሁ ፋብሪካ ልጅ ነው፤ ለዚህ ነው እንዲህ የሚንፏቀቀው።»

አባዬ ንጹሁን ዞር ብሎም አላየው። ጓዝ የበዛበትን አንስቶ ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ይሄኛው ይሻለኛል» አለ።

«ለምን?»

«ለመድኩታ።»

«መልመድማ ጠባብ ጫማም ይለመዳል!» አልኩ እኔ ከመኪናዬ ላይ። ኢንጂነር ሳቀ።

አባዬ በቀላሉ አልለቀቀም። «ልጄ፣ ጨርቅ እንደመጣ ይለበሳል እንዴ? የሆነ ሰው ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ ኪስ ሲያወጣለት ነው ልብስ የሚሆነው። ፋብሪካውም ኪስ አውጥቶለት ይሆናል።»

«ኪስ ቢሆን ምን ችግር አለ? ይሄ ልብስ ሰፊ ግን ኮትህ ጀርባ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ሰፍቶ ነው የሰጠህ!»

እኔ በሳቅ እግሬ ከፔዳሉ ላይ አመለጠ። «አባዬ የሳሙና ማስታወቂያ ይወዳል እኮ!» አልኩ። አባዬም ፈገግ አለ፤ ስልኩን ግን ከእጁ አላወረደም።

ኢንጂነር ያኔ አሮጌውን ስልክ ከገበሩ ፈታና ይነካካ ጀመር። ድንገት «ጉድ!» አለ። «ኑ እዩ! ይሄ ስልክ የሰውን ጥሪ ሁሉ ሲቀዳ ኖሯል! ስልክ በተነሳ ቁጥር በራሱ፣ ዝም ብሎ! እዚህ ውስጥ የታጨቀው የሰው ድምፅ ብዛቱ! ሜሞሪውን የጨረሰው ይሄ ነው። ታውቅ ነበር አባዬ?»

አባዬ ጠመኔውን ከጆሮው አውርዶ አየው፤ መልሶ ሰካው። «እኔ ምን አውቄ?» አለ።

«አየህ የፋብሪካ ጣጣ? ንጹሁ ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ የለም። መቅዳት ከፈለግክ ራስህ ትነካዋለህ፤ ሲቀዳም መጀመሪያ ለሁለታችሁም ጮክ ብሎ ይናገራል። ሰውን ሳያውቅ መቅዳት እኮ ነውር ነው! ሌብነት ነው በለው!»

«የሰው ምስጢር እየሰበሰበልህ ነበር ማለት ነው» አልኩ እኔ ደግሞ። «ዝም ያለ ሌባ አስቀምጠን!»

የአባዬ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። ሙቀቱ ነው ብዬ ተነስቼ በሩን ከፈትኩለት።

«እንግዲያው ንጹሁን ስጠኝ» አለ አባዬ። ጓዝ የበዛበትን ስልክ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኢንጂነር አሮጌውን ውስጡን ባዶ አድርጎ፣ ከተመላሹ ስልክ ጋር ለወዳጁ ይዞለት ሄደ። እኛ አባታችንን ከሌባ ያዳንነው መስሎን ተደስተን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ዜና መስማት ተወ።

«ምነው፣ ዜናው ቀረ?» ስለው «ሁሉም አንድ ነው፣ ምን ይሰማል?» አለኝ። ጨርቅ ላይ ሲያጎነብስ ይቆይ ጀመር። ቀድሞ መቀሱ ሲንኮሻኮሽ እሰማ ነበር፤ አሁን ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል፣ ደግሞ ዝም። የሰፈራችን ፋርማሲስት ያሰፋው ኮት እጅጌው አጥሮ ተመለሰ። አባዬ «ጨርቁ ውሃ ነክቶት ጠቦ ነው» አለ። ያ ጨርቅ ውሃ እንዳልነካው አውቃለሁ፤ የተኮስኩት እኔ ነኝ። ግን «አዎ፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ ይጠባል» አልኩና ፋርማሲስቱን ሸኘሁት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አባቴ ሲሳሳት ማየት ስላሳፈረኝ ነው መሰለኝ።

ከዚያ የዳይሬክተሩ ነገር መጣ።

ዳይሬክተሩ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። የሰፈሩን ግማሽ ያስተማረ፣ እኔንም በመዘግየት ደጋግሞ ያንበረከከኝ ሰው ነው። ሙሉ ልብሱን ከአባዬ ሌላ ዘንድ አሰፍቶ አያውቅም፤ ልኬቱን የአባዬ እጅ ራሱ ለምዶታል። ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩን ተሰበረና ወራት ተኛ። ሰው ደግሞ ሲያወራ «ዳይሬክተሩ እግሩን ተሰበረ» ይላል እንጂ ቀኝ ነው ግራ ብሎ አያብራራም። አሁን ልጁን ሊድር ነው፤ ሙሽራዋ ራሷ ጨርቁን አምጥታ «አባቴ በስልክ ያናግርዎታል» ብላ ሄደች።

ሲደውል እኔ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። አባዬ ስልኩን አነሳ፣ ሰላምታ ተለዋወጠ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ስክሪኑን በጣቱ ነካ። የሆነች ሴት ጮክ ብላ ተናገረች።

«ይህ ጥሪ እየተቀዳ ነው።»

የዳይሬክተሩ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። «ማናት? ሜትሩ፣ ማን አለ አጠገብህ? ምን ይቀዳል?»

አባዬ ስልኩን እንደ ትኩስ ካውያ ከጆሮው አራቀና ዘጋው። እኔ ምን አልኩ? ያው መርፌ ነኝ፤ «አባዬ፣ ሴትዮዋ ማናት? ሳትነግረን ልታገባ ነው እንዴ?» አልኩ። አልሳቀም። ወጥቶ ደጅ ቆሞ መልሶ ደወለ፤ ሲመለስ ፊቱ ገርጥቷል።

«ምን አለህ ዳይሬክተሩ?»

«ስለ ሱሪው ነው።»

«ሱሪው ምን ሆነ?»

«ተጽፏል» አለና ጣቱን ወደ ግንባሩ ወሰደ።

ምን እንደተባባሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ግን ግራ እንዳትጋቡ እዚሁ ልንገራችሁ። ዳይሬክተሩ አንዱ እግሩ አጥሮ ነው የገጠመለት። ሐኪሙ «እንዲህ ሆኖ ይቀራል፣ ጫማህን ከስር አስረዝመው» ብሎታል። እሱ ግን ለቤተሰቡ «ትንሽ ቀን ነው፣ ይስተካከላል» ብሎ ዋሽቷል። ሙሽራዋ ሠርጉን በአባቷ መውደቅ የተነሳ አንዴ አራዝማዋለች፤ እንደማይድን ካወቀች ደስታዋ ይበላሻል ብሎ ፈራ። በዚያ ላይ ኩሩ ነው። ከፍ ያለ ጫማ አድርጎ ሰው ፊት መቆም ሞት መሰለው። ስለዚህ አባዬን በሹክሹክታ፣ «ያጠረውን እግር ሱሪ ሁለት ጣት አሳጥርልኝ፣ መሬት እንዳይጎትት። ልጄን ይዤ በአዳራሹ መሃል ቀስ ብዬ ስሄድ ማንም ልብ አይልም። ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን» አለው። ያ የሴትዮዋ ጩኸት ጆሮው ላይ ስለቀረ አባዬ፣ ዳይሬክተሩ ግራ ይበል ቀኝ፣ አልያዘውም። ደግሜ ልጠይቅ አላለም። ሜትሩ ደግሞ አይጠይቅም።

ጨርቁን የቆረጠ ቀን አየሁት። ጠመኔውን ይዞ አንዱ የሱሪ እግር ላይ ቆመ፣ ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ።

«መርፌ» አለኝ።

«እ?»

«ዳይሬክተሩ…»

«ዳይሬክተሩ ምን?»

«ምንም። ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ ቆረጠ። ሱሪውን ሲሰጠኝ ቀኙ አጥሯል፤ «ይሄ ምንድነው?» ብለው «እንዳለ ስፊው፣ የታዘዘ ነው» አለኝ። ሰፋሁት።

ሠርጉ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነበር። ዳይሬክተሩ ሊለካ ሲመጣ ሱቁ ሞልቷል፤ ሙሽራዋ አለች፣ አክስቷ አለች፣ የጎረቤት ሰዎችም ቆመዋል። በሩ ላይ ሲደርስ ከዘራውን ተደግፎ ገባ። ግራ እግሩን ነበር የሚጎትተው።

የአባዬን ፊት አየሁ። አንድ ሰው ኪሱን ዳብሶ ቁልፉን ሲያጣ የሚሆነውን ሆነ። ቶሎ ብሎ «ዳይሬክተር፣ ይቅርታ፣ ዛሬ አልደረሰም፤ ነገ ይምጡ» አለ።

«ምን ማለት ነው? ያውና ተሰቅሎ!» አለች ሙሽራዋ። ልብሱን አውርዳ ለአባቷ ሰጠችው። «ግባና ልበስ፣ ልይህ!»

መጋረጃው ተዘጋ። አባዬ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር፤ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። እኔ ገና ምንም አልገባኝም።

ዳይሬክተሩ መጋረጃውን ከፍቶ ወጣ። የኮቱ ትከሻ ልክክ ብሏል። ሱሪው ግን የቀኙ እግር ካልሲውን አሳይቶ ተንጠልጥሏል፣ የግራው መሬት ይጠርጋል። አክስቲቱ ሳቅ አመለጣት። ጎረቤቱ «ሜትሩ፣ ይሄ ደግሞ አዲስ ፋሽን ነው?» አለ። ሙሽራዋም ልትስቅ ነበር።

ዳይሬክተሩ ወደ ታች አየ። ከዚያ ወደ አባዬ።

ያኔ አባዬ ወደ እኔ ዞሮ ጮኸ። «አንቺ! ቀኝና ግራሽን አታውቂም? ግራውን አሳጥሪ አላልኩሽም?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ አባዬ ያን ቃል ሊመልሰው ሲል አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ግራው ለምንድነው የሚያጥረው?» አለች ሙሽራዋ። አባቷን አየችው፣ እግሩን አየችው፣ እንደገና አባቷን። «ይድናል አላልከኝም? ትንሽ ቀን ነው አላልከኝም?»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጨፈነ።

እኔ ቀይ እሳት ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ያልሠራሁትን ነው የተባልኩት። «እኔ አይደለሁም» ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ደግሞ እንደምታውቁት አያርፍም። ግን አባቴን አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ትከሻው ወርዷል፤ ዓይኑ «እባክሽ» ይለኛል። አባት ልጁን በዓይኑ እንዲህ ሲለምን ማየት ምን ዓይነት እፍረት እንደሆነ ያላየ አያውቀውም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

ዳይሬክተሩ እኔን አላየኝም። ስንት ዓመት ጥፋተኛ ልጅ ፊቱ ያቆመ ሰው ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ፊት አይቶ ያውቃል። አባዬን ብቻ አየው። ከዚያ ልብሱን ቀይሮ፣ ከዘራውን አንስቶ ወጣ። ሙሽራዋ እየተከተለችው ታለቅስ ነበር።

ሰዉ ሲበተን የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ቁጭ አልኩ። አባዬ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ።

«ዜና አልነበረም» አለ።

«ምኑ?»

«የምሰማው። ዜና አልነበረም። ስልኩ ነበር። ለሰው እየደወልኩ ልኬቱን የምወጣው ላከብራቸው ይመስልሻል? ሳልረሳው ቶሎ ልበለው ብዬ ነው። ስልኩ ይቀዳዋል፤ ስቆርጥ እሰማዋለሁ። መርሳት ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ አንዱን ረሳሁ፤ ድካም ነው አልኩ። ከዚያ ሁሉም ይጠፋብኝ ጀመር። ስልኩ በራሱ እንደሚቀዳ በአጋጣሚ አገኘሁ፤ አምላክ የላከልኝ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን አትጽፍም ነበር?»

«ሜትሩ ሲጽፍ?» አለ። ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ኢንጂነር ነውር ነው ሲል፣ አንቺም ሌባ ስትዪ፣ ምን ልበላችሁ? ሌባው እኔ ነኝ ልበል? አዲሱ ደግሞ ለሰው ሁሉ ጮኾ ይናገራል፤ ያን ቀን ለዳይሬክተሩ አፍሬ ሳልቀዳ መልሼ ደወልኩ።»

የሳሙና ማስታወቂያው፣ ጠባቡ ጫማ፣ «ልታገባ ነው እንዴ» ያልኩት ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። አፈርኩበት አልልም፤ በራሴ ነው ያፈርኩት። ከአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጬ፣ የደንበኛውን ሁሉ ሐሜት ሳውቅ፣ አባቴ መድከሙን አላወቅኩም።

ለኢንጂነር ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት። ብዙም ሳይቆይ እያለከለከ መጣ፤ ከኪሱ ያንን ጓዝ የበዛበትን ስልክ አወጣ። ከወዳጁ ለምኖ አምጥቶት ነው።

«አባዬ፣ ይኸው» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። «ይሄ እንደ አሮጌው ነው። ዝም ብሎ ይቀዳልሃል። ማንም አያውቅ። እኔም አልናገር፣ እሷም አትናገር።»

ያ ሁሉ ነውር፣ ያ ሁሉ ሌብነት የት ሄደ ልለው ነበር። ግን ፊቱን አይቼ ተውኩት።

አባዬ ሁለቱን ስልኮች በሁለት እጁ ያዘ። እንደ መጀመሪያው ቀን አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ይሄኛው ነውሬን ይሸፍንልኛል» አለ። «ይሄኛው ደግሞ ያወጣብኛል።» ጓዝ የበዛበትን ለኢንጂነር መለሰለት። ከዚያ በንጹሁ ዳይሬክተሩ ጋ ደወለ። ደጅ አልወጣም፣ ወደ ግድግዳም አልዞረም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። ዳይሬክተሩ አነሳው። አባዬ ስክሪኑን ነካ።

«ይህ ጥሪ እየተቀዳ ነው።»

«ሜትሩ፣ ደግሞ ይህቺ ሴትዮ!» አለ ዳይሬክተሩ፤ ድምፁ ደክሟል።

«ስልኬ ናት፣ ዳይሬክተር። እውነቷን ነው፤ እየቀዳሁዎት ነው። እረሳለሁ።» አባዬ ትንፋሹን ሳበ። «እረሳለሁ። ከጀመረኝ ቆይቷል። በፊትም ስቀዳዎት ነበር፤ ያኛው ስልክ ዝም ይል ስለነበር አላወቁም። እርስዎን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ሰው። ልጄም አላጠፋችም። ቀኝ ይሁን ግራ ያልያዝኩት እኔ ነኝ። ደግመው ይንገሩኝ ማለት አፍሬ ነው። ምስጢርዎን በልጅዎ ፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ኢንጂነር መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ብሎ ስክሪኑን አየ። አልተቋረጠም።

«እኔም ደግሜ መናገር አፍሬ ነበር» አለ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ። «ቶሎ ብዬ ዘጋሁብህ። ልጄ ክፍሏን ቆልፋ ነው ያለችው፤ እግርህ አጠረ አይደለም የምትለኝ፣ ለምን ደበቅከኝ ነው የምትለኝ።» ከዘራው ወለሉን ሲመታ ተሰማን። «ግራው ነው ሜትሩ። ሁለት ጣት። ቀዳህ?»

«ቀዳሁ።»

«እንግዲያው ሦስተኛ አልናገርም» አለና ዘጋው። ደህና እደር አላለም። ይቅር ይበል አይበል አላወቅንም።

በማግስቱ ማልደን ከፈትን። አባዬ ልብስ ሲቆርጥ ሁልጊዜ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል፤ የቀኙን እጥፋት ፈትተን ማስረዘም እንችላለን፣ የድሮው እጥፋት መስመር በካውያ ይጠፋል። ሱሪውን ዘረጋ፣ ጠመኔውን ያዘ፣ ጣቱን ወደ ግንባሩ አነሳ።

«ግራ…» ልለው ስል እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ማዳመጫ አልሰካም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ከፈተው፤ ሴትዮዋ ተናገረች፣ ዳይሬክተሩ አጉረመረመ፣ ከዚያ የራሱ ድምፅ መጣ። «እረሳለሁ» አለ ስልኩ። «ልጄም አላጠፋችም» አለ። ያን ቦታ ማለፍ ይችል ነበር፤ በጣቱ ወደፊት መግፋት ብቻ ነው። አላለፈውም። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማው። የዳይሬክተሩ ድምፅ «ግራው ነው ሜትሩ» ሲል ጠመኔው ግራው ላይ ወረደ።

ካውያውን አሙቄ እጥፋቱን ስጫን ፋርማሲስቱ ገባ፤ ያን እጅጌው ያጠረውን ኮት አንጠልጥሏል።

«ሜትሩ፣ እንዳልከኝ ጨርቁ ጠቦ ከሆነ ሌላ ጨርቅ ገዝቻለሁ» አለ። «ልኬቴ መቼም ጭንቅላትህ ውስጥ አለ፣ አይደል?»

የአባዬ ጣት ከልማዱ ተነሳ፤ ግንባሩ ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ቆመ።

«የለም» አለ። «ጨርቁም አልጠበበም። ይቁሙና እንደገና ልለካዎት። መርፌ፣ ጻፊ።»

ሱቃችን ውስጥ እስክሪብቶ ኖሮ አያውቅም። ጠመኔ አነሳሁና የጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጠራ፣ አንድ በአንድ ጻፍኩ።